ጨለማ የወጣለት ሕፃን

ትናንት በእኩለ ቀን፣ ሰው ሁሉ ምሳውን ሲበላ፣ እኔ ሕልም አየሁ። ሕልም የሌሊት ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ሆስፒታል ተቀምጦ አስታሞ አያውቅም ማለት ነው።

እህቴ ፋሲካ ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም፤ ልጁ ቢጫ ሆነብን። ዓይኑ ቢጫ፣ ቆዳው ቢጫ፣ ውስጥ እግሩ ሳይቀር ቢጫ። ሐኪሞቹ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት። ብርሃኑ ቢጫውን እየሰባበረ ከሰውነቱ ያስወጣለታል፤ ካልወጣለት ግን ጭንቅላቱን ሊጎዳው ይችላል አሉን። ፋሲካን እንቅልፍ ስለጣላት እኔ ከመስታወቱ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ዝም ብዬ መጠበቅ አልችልበትምና በስልኬ ስለ ብርሃን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አንድ ዓይነት ሰማያዊ መብራት፣ እዚህ ሕፃን ይታከምበታል፣ ሌላ አገር ሰላጣ ያድግበታል። ሌላ ቦታ ደግሞ ተክል ሲጠማው ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ያሰማል ይላል። ምን ብሎ ይሆን እያልኩ ስገረም ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

ሳነሣው ወለሉ አፈር ሆኗል። አግዳሚው የለም፣ መስታወቱ የለም፤ ልጁ ግን ክንዴ ላይ ነው፣ ከበፊቱ የባሰ ቢጫ፣ የበሰለ ሎሚ የመሰለ። ሆስፒታሉ ያው ሆስፒታል ነው፤ ብቻ ለመግባት መጀመሪያ መውጣት ያስፈልግ ነበር። በሩ ላይ ቁልቋል ቆሞ ይፈትሻል። እሾኹን በሹራቤ ላይ አንድ በአንድ አሳልፎ፣

«ስለት ይዘሻል?» አለኝ።

«አንተስ ምንድን ነው የያዝከው?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ። ውጪና ግቢ።»

ወጥቼ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሐኪሞች ካርድ ለማውጣት ተሰልፈዋል፤ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ፣ ሆዳቸውን እንደያዙ። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት በሽተኞች ናቸው። ጉንፋን የያዛቸው አንዲት አሮጊት አንዱን ፕሮፌሰር ምላስህን አውጣ አሉት፣ አገላብጠው አዩት፣ «ብዙ ተናግረህበታል፤ ትንሽ አሳርፈው» ብለው አሰናበቱት። ፕሮፌሰሩ እጅ ነሥቶ ሄደ።

መብራቶቹም እንደኛዎቹ አልነበሩም። እኛ ቤት የእሳት ራት አምፖል ትዞራለች አይደል? እዚያ አምፖሎቹ ነበሩ አንዲት የእሳት ራት የሚዞሩት። እሷ ግድግዳው ላይ ተቀምጣ ክንፏን ታበጥራለች፤ እነሱ ይጋጫሉ፣ ይሰበራሉ፣ ደግመው ይመጣሉ። አንዱን ለልጁ ላፍ ላደርግ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ፣

«እሱን ተይው፤ ፍቅር የያዘው መብራት ለሕክምና አይሆንም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል ዳማ ከሴ ናት። ምች ሲመታን አሽተን የምናሸታት፣ ጨምቀን የምንጠጣት ያቺው ዳማ ከሴ። እዚያ ዶክተር ናት። ጋውን አልለበሰችም፤ ጠረኗ ይበቃታል።

«እኛ ምች ሲመታን አንቺን ነው የምንጨምቀው» አልኳት፣ ትውውቅ እንዲሆነን።

«አውቃለሁ። እኛም ሲያመን ሰው እንጨምቃለን።»

«ምኑን?»

«ላቡን። ይመራል እንጂ ይሠራል።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጁን አየችው። «ይሄ ምን ሆኖ ነው ያመጣሽው? ቢጫ እኮ እኛ ዘንድ በሽታ አይደለም። በስሏል፣ ይሰብሰብ ማለት ነው።»

«ይሄ አልበሰለም። ገና መጀመሩ ነው። ብርሃን ይፈልጋል።»

«ብርሃን ጥናት ላይ ነው። ይድንበታል ወይስ ይጎዳበታል፣ ገና አላወቅንም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«በምን?»

«አንብቤያለሁ።»

«ሰው ወረቀት ላይ የጻፈውን እኛ አንቀበልም» አለች፣ ቅር ብሏት። «ወረቀቱ ከማን ገላ እንደተሠራ እናውቃለን።»

ይህን ብላ መንገድ ጀመረች። ተከትያት ሄድኩ።

አንድ በር ከፍታ ያስገባችን ላስቲክ ቤት ነው፤ አበባ እርሻ ውስጥ እንዳለው ያለ፣ ረጅም፣ ሙቀቱ ፊት የሚመታ። በመደዳ የተተከሉት ግን ሰዎች ናቸው። እስከ ጉልበታቸው አፈር ውስጥ ገብተዋል። አንዳንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ አንዳንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዷ ሴትዮ ጎረቤቷን «ሥርህን ሰብስብ» እያለች ትጨቃጨቃለች። ችግኞች በመካከላቸው እየተመላለሱ ውሃ ያጠጧቸዋል፣ ቁመታቸውን ይለኳቸዋል።

ፊት ለፊት መድረኩ ላይ ባሕር ዛፍ ንግግር ያደርጋል። ለተሰብሳቢው ሁሉ የቀረበውን ውሃ ብቻውን ጨርሶታል፤ አጠገቡ የተቀመጡት ቅጠላቸው ረግፏል፤ ደፍሮ የተናገረው ግን የለም።

«ሰው ሲጠማው ድምፅ እንደሚያወጣ ደርሰንበታል» አለ። «እስከ ዛሬ ዝም ብሎ የሚደርቅ ይመስለን ነበር።»

አዳራሹ ቅጠሉን አራገበ። አንዲት ጽጌረዳ ተነሥታ፣ «ድምፁ ትርጉም አለው?» ብላ ጠየቀች።

«ትርጉም አለው ለማለት ጊዜው ገና ነው። በብዛት የተቀዳው ግን ‹ውሃ ጠፋ› የሚል ይመስላል።»

ከመደዳው አንዱ ሰውዬ፣ «ጠፍቷል እኮ፤ ከሰኞ ጀምሮ» አለ።

«ይኸው ሰማችሁ» አለ ባሕር ዛፍ ደስ ብሎት። ቀጥሎም ሰው ስሜት ይኖረው እንደሆነ ክርክር ተነሣ። ቆሜ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጁ ግን ክንዴ ላይ እየከበደ፣ ዝምታው እየበዛ መጣ። ዳማ ከሴም በቅጠሏ ጠቀሰችኝ።

ጥጉ ላይ ሁለት መደብ ነበር። በአንደኛው ሰማያዊ መብራቶች እንደ ጤፍ ተዘርተው በቅለዋል፤ በላያቸው ሕፃናት ተኝተው እግራቸውን ያወራጫሉ። ሁለተኛው መደብ ጨለማ ነው። እዚያም ሕፃናት አሉ፤ ሲተነፍሱ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም። በሁለቱ መካከል አንዲት ትልቅ እንሰት ቅጠላቸውን እንደ ነጠላ አጣፍተው፣ ቅል አቅፈው ተቀምጠዋል።

«የጥናቱ ዳኛ ናቸው» አለችኝ ዳማ ከሴ በሹክሹክታ። «እማማ በያቸው።»

«አውጪ፣ ልጄ» አሉኝ እማማ እንሰት።

«ምን ላውጣ?»

«ዕጣ።»

ቅሉ ውስጥ የሰው አዝራር ሞልቷል። እኛ በባቄላ ዕጣ እንደምንጥለው እነሱ በአዝራር ይጥላሉ፤ ነጭ የወጣለት ወደ ብርሃኑ፣ ጥቁር የወጣለት ወደ ጨለማው። ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁ። ጥቁር ነው። ሳየው ደግሞ የራሴ ሹራብ አዝራር ነው፤ መቼ እንደቆረጡት እንጃ።

«ይሄማ አይሆንም» አልኩ። «የኔ ልጅ አስቸኳይ ነው።»

«አስቸኳይ ያልሆነ ማን መጣ?»

«እማማ፣ እኛ ሰፈር ዕቁብ አለ። ዕጣው ይወጣል፤ ግን ቤቱ ሰው የታመመበት ለዳኛው ይናገራል፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ይለቅለታል። ዳኛ ማለት እንደዚያ የሚያደርግ ነው።»

እማማ እንሰት አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ጓሮ ቆሜ የናንተን ወሬ ስሰማ ነው የኖርኩት። ዕቁብ ላይ ገንዘቡ ገንዘብ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ማን ይቅደም ነው። እዚህ ብርሃኑ ራሱ ምን እንደሆነ አልታወቀም። የሚጮህለት ያለውን ልጅ ወደ ብርሃን፣ የሚጮህለት የሌለውን ወደ ጨለማ ብልክ፣ ኋላ ልጁ ሲድን ያዳነው ብርሃኑ ይሁን ወይስ እንዳንቺ ያለች አክስት መኖሯ፣ በምን እለየዋለሁ?»

ነገሩ ገባኝ፤ ገብቶኝም ተናደድኩ። ንዴቴን ዳማ ከሴ ላይ አዞርኩት።

«አንቺ ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«የታለች ታዲያ? ብርሃኑ ላይ እንዳስተኛሻት አላጣሁትም።»

በቅጠሏ ጠቆመችኝ። በጨለማው መደብ ዳር አንዲት ችግኝ ነበረች፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ከእኩዮቿ ሁሉ የረዘመች፣ አንገቷን ወደ ሰማያዊው መደብ ያሰገገች።

«ለምን እንዲህ ረዘመች?» አልኳት፣ ንዴቴ መሐል ላይ ጥያቄው አምልጦኝ።

«ብርሃን ፍለጋ። ጨለማ ውስጥ ያለ ችግኝ ያለችውን ስንቅ ሁሉ ቁመት ላይ ያጠፋታል። ከደረሰ ደረሰ ነው።»

«ዶክተር ሆነሽ ልጅሽን እዚያ ትተያለሽ?»

«ዶክተር ባልሆን ኖሮ ዕጣዋን ዓይኔን ገልጬ ነበር የማወጣው» አለችኝ።

ይሄኔ ከብርሃኑ መደብ አጠገብ የተተከሉ አንድ ሽማግሌ እጄን ነኩኝ። ካኪ ኮት ለብሰዋል፤ አዝራር የለውም።

«እዚያ ጋ የተኛው የልጅ ልጄ ነው» አሉኝ። «ነጭ ወጣለት። ቢጫው ሲለቀው በዓይኔ እያየሁ ነው፤ ያንቺው ይብሳል። እኔም የዕቁብ ዳኛ ነበርኩ። ቦታውን ውሰጂ።»

ባሕር ዛፍ ንግግሩን አቋርጦ ከመድረኩ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሁሉ ርቀት ጫፉ እኛ ጋ ደረሰ።

«ከቀየራችሁ ጥናቱ ይበላሻል። ከእናንተ በኋላ የሚመጡ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ከቅል ዕጣ ሲያወጡ ይኖራሉ።»

«የሚመጡት ሲመጡ ይምጡ» አሉ ሽማግሌው። «ይሄኛው መጥቷል።»

እማማ እንሰት ቅሉን በቅጠላቸው ሸፈኑት። ዳማ ከሴ ፊቷን አዞረች፤ አልከለከለችኝም፣ አልፈቀደችልኝምም። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉት። እሱ የተነሣበት ቦታ ላይ መብራቶቹ እንደ እርሻ ወደ አንድ ጎን ተኝተው፣ ቀስ እያሉ ቀና ሲሉ አየሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ብርሃኑ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከእንግዲህ ማንም አክስት አዝራር ሳትጎረጉር እንዲታወቅ ፈልጌ ነበር። ልጁንም ፈልጌ ነበር። ሁለቱ በአንድ ክንድ አይያዙም። ነጯ ችግኝ አንገቷን እንዳሰገገች ናት። ሳላያት ለማለፍ ዓይኔን ወደ ልጁ መለስኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ እግሩ ሰማያዊው ውስጥ ገባ፣ ጣቶቹም ሰማያዊ ሆኑ። ከዚያ መብራቱ ሁሉ፣ ከነዘሩ፣ ድርግም አለ።

«ትርሲት፣ ተነሽ እስቲ። አንገትሽ ይቀጫል።»

የሕፃናት ክፍሏ ነርስ፣ ሲስተር ኬሪያ፣ በላዬ ቆማለች። ስልኬ ጉልበቴ ላይ ነው፤ አልወደቀም።

«መብራት ሄደ» አለችኝ።

«የየትኛው መደብ?»

«የምን መደብ?»

«የማን መብራት ነው የሄደው?»

«የሁሉም ነዋ። ለይቶ ይሄዳል እንዴ?»

ብድግ ብዬ በመስታወቱ አየሁ። ሕፃናቱ በተርታ እንደተኙ ናቸው። ሰማያዊው የለም። ተራው የቀን ብርሃን ላይ ሁሉም አንድ መልክ ሆነዋል፤ የኛው ከየትኛው እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

«ጄኔሬተሩስ?»

«ነዳጅ ሊያመጡለት ሄደዋል።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

ገብታ ልጁን አመጣችው። የዓይኑን መሸፈኛ ቀስ ብላ ፈታችለትና ክንዴ ላይ አስተኛችው። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያች ሰዓት አፍጥጦ ያየኝ አይመስለኝም፤ የዓይኑ ነጭ ነጭ አልነበረም።

«ሲስተር ኬሪያ፣ ይሄንን የሚያጠናው ማነው?»

«ምኑን?»

«ሁሉም ልጅ አንድ ላይ ብርሃን ሲያጣ ምን እንደሚሆን።»

እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው እንደሚታይ አየችኝ።

«እሱማ ታውቆ ያለቀ ነው፤ ጥናት አያስፈልገውም» አለችና፣ ጋውኗን እያወለቀች ለነዳጁ ጀሪካን ፍለጋ ወጣች።