የሊቀ ጠመቃው አፍንጫ

በየመንደሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የምትነግሩትን ሁሉ እሱ ቀድሞ ሊነግራችሁ የነበረ ሰው። "ዛሬ ሊዘንብ ነው" ስትሉት "እኔም እሱኑ ልልህ ነበር" ይላል። ቤትህ እየተቃጠለ ነው ቢሉትም፣ ጭሱን ዞሮ ከማየቱ በፊት ያችኑ ቃል ይላታል ብዬ እጠረጥራለሁ። የሰው ልጅ የሚያውቀውን እንዴት ያውቃል የሚለውን ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ኖሬ መልሱን ሳላገኝ ጡረታ ወጣሁ። ዕጣዬ ሆኖ በደቡብ አውስትራሊያ የወደብ ከተማ በዋላሩ የገዛሁት ቤት ደግሞ ጥያቄው ጨርሶ ተነሥቶበት ከማያውቅ ሰው ጋር አጥር ይጋራል።

ስሙ ሜርቭ ፔንሄል ነው። እኔ በልቤ "ሊቀ ጠመቃ" ብዬ ሾሜዋለሁ። ወደቡ ዳር ባሉት የገብስ ጎተራዎች ሲሠራ የኖረ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ክረምት ከበጋ ቁምጣ የማያወልቅ ሰው ነው። ሚስቱ የሞተችበት ዓመት ልጁ ኬሪን፣ አባቷ ግድግዳ ሲያይ እንዳይውል ብላ፣ ከምትኖርበት ከአዴላይድ የቢራ መጥመቂያ መሣሪያ ገዝታ አመጣችለት። ልጅቱ ደግ ናት፤ በጎረቤት ላይ የምታመጣውን ግን አላሰበችም።

መሣሪያው ወገብ የሚደርስ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት በርሜል ነው። ማሞቂያው ከሥሩ፣ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ከጎኑ፣ ብቅል የሚገባበት ቅርጫት ከሆዱ ውስጥ፣ ሙቀቱን የሚያሳየው መስኮት ከግንባሩ። ሁሉም ነገር በአንድ ዕቃ።

"ይሄ ማለት፣ ፕሮፌሰር" አለኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ እንደ አዲስ ሙሽራ እያሻሸው፣ "አንተ ቁልፉን ትጫናለህ፣ ሌላውን እሱ ያውቃል። ሄደህ ዓሣ ማጥመድ ትችላለህ።"

ዓሣ ያጠመደ ግን የለም። ውሃው ከሚሞቅበት ሰዓት አንሥቶ ጌሾው ገብቶ እስኪፈላ ድረስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠን በርሜሉን አፍጥጠን እናየዋለን።

"ይገነፍላል እንዴ?" እለዋለሁ።

"አይገነፍልም።"

"ታዲያ ምን እንጠብቃለን?"

"እንዳይገነፍል።"

በመጀመሪያው ጠመቃ ብቅሉን ሁሉ ደፍቶ ፓምፑን ሲያስነሣ፣ ፓምፑ አንዴ ሳል ብጤ አሰማና ዝም አለ። የቅርጫቱ መቀመጫ ወንፊት ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሙሉ የተጣበቀ የብቅል ገንፎ በጭልፋ ስናወጣ ዋልን። ወንፊቱን አንሥቼ ሳሳየው ግንባሩን በክርኑ ጠረገና "እኔም እሱኑ ልልህ ነበር" አለ።

ሁለተኛው ቃሉ "ዋናው ንጽህና ነው" የሚለው ነው። የማጽጃ ፈሳሽ የሞላ መርጫ እንደ ሽጉጥ ከወገቡ አይለይም። እጄን ረጭቷል፣ የበር እጀታ ረጭቷል፤ አንድ ቅዳሜ ስብከቱ ሲግልበት መነጽሬን ረጨኝ። የፈላውን የብቅል ጭማቂ በቧንቧ ውሃ ማቀዝቀዝ ግን በሰፈራችን ነውር ነው። ውሃችን ከሩቅ ወንዝ በቱቦ የሚመጣ ስለሆነ፣ ድርቁን ያየ ሰው ለቢራ ብሎ ውሃ አያፈስም። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ ትኩሱን በላስቲክ ጄሪካን ሞልቶ፣ አየሩን በጉልበቱ ጨፍልቆ ያስወጣና ከድኖ ያሳድረዋል። በማግስቱ ቢራው ወደሚብላላበት ሌላ በርሜል፣ ወደ ማብላያው፣ ገልብጦ እርሾውን ይጨምራል።

ፍርድ እንዳላጓድል፣ የመጀመሪያዎቹ ቢራዎች ይጠጡ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ክረምት ላይ ኃይለኛ ጉንፋን ከያዘው በኋላ ነው። ሜርቭ ሳምንታት ተኝቶ ተነሣ፤ እሱ ዳነ፣ ቢራው ታመመ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ማዶ የምትኖረውን ዳልሲን ጋራዡ ውስጥ ያስቀምጥና ብርጭቆ ይሰጠናል። ከዚያ እሱ ሳይቀምስ ፊታችንን እያየ "ምን ምን ይላል?" ይለናል።

እውነቱን ለመናገር ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ከኋላው ደግሞ ሳይደርቅ የተቀመጠ ካልሲ አለበት። ግን ሚስቱ የሞተችበት ሰው በገዛ እጁ የጠመቀውን እያቀበለ ሲጠይቅ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ።

"ብርቱካን ብርቱካን ይላል" ትላለች ዳልሲ፣ ዓይኗን ጨፍና እየዋጠች።

"የዳቦ ቅርፊትም አለው" እላለሁ እኔ።

ያኔ ሊቀ ጠመቃው ይጎነጫል፣ ቅንድቡን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ "እኔም እሱኑ ልላችሁ ነበር" ይላል። ዳልሲ የተሰጣትን ጠርሙስ ይዛ እየሄደች በሳህን አድርጋ ለአትክልቷ ቀንድ አውጣዎች ታስቀምጣለች፤ ቢራ ይወዳሉ፣ ገብተው ይሰጥማሉ ይባላል። "የሱን ግን" ብላ አጫወተችኝ በአጥር በኩል፣ "ጫፉ ድረስ መጥተው ተመካከሩና ተመለሱ።"

ሳቅን። ያን ሳቅ አሁን ሳስበው ይጎመዝዘኛል።

በመጋቢት፣ የአውስትራሊያ መጸው ሲጀምር፣ ዳልሲ ባዶ ጠርሙስ ልትመልስ ወደ ሜርቭ ቤት ገባች። የወጥ ቤቱ ምድጃ ሳይቀጣጠል ተከፍቶ ጋዙ ቤቱን ሞልቶታል፤ ሜርቭ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስለ እርሾ ያነባል።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትሞት ነው እንዴ? አይሸትህም?"

"ምኑ?" አላት።

ዳልሲ መስኮቱን ሁሉ ከፈተችና የዚያኑ ዕለት ለኬሪን ደወለች። ኬሪንም ለአባቷ ደወለች። የሚሸት ነገር የማይሸተው ሰው ብቻውን ሊኖር አይችልም፣ ቤቱ ይሸጥና እኔ ዘንድ አዴላይድ ትመጣለህ አለችው። እሱም በኩራቱ፣ አፍንጫዬ ደኅና ነው፣ ለፋሲካ ነይና ከቢራዬ ቀድቼልሽ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ ብሎ መለሰላት። አንድ ሰው ቤቱን፣ ሚስቱን የቀበረበትን ከተማና የሚያፈጥበትን በርሜል በአንድ ብርጭቆ አስይዞ ተወራረደ ማለት ነው።

በማግስቱ በሬን አንኳኳ። በሕይወቱ አንኳኩቶ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ነው የሚገባው።

"ፕሮፌሰር፣ ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም፣ ምላሴም ጣዕም አይለይም። ቡናም፣ ሳሙናም፣ ባሕሩም።"

"ቢራውስ?"

"እናንተ የምትሉትን እሰማለሁ። ብርቱካን ስትሉ ብርቱካን ይመስለኛል።" ቀና ብሎ አየኝና "ብርቱካን ነው አይደል?" አለ።

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ ጥያቄ ግን ያስጨነቀኝ የለም። ይህ ሰው ከክረምት እስከ መጸው ሲጠጣ የከረመው ቢራ አልነበረም፤ እኔና ዳልሲ በይሉኝታ የፈበረክነውን ቃል ነበር። ቃል የሚያሰክር ቢሆን በውሸታችን ሰክሮ ነበር።

"ኮምጣጤ ነው፣ ሜርቭ" አልኩት።

ተቀመጠ። "ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

የዚያን ሳምንት አብረን ጠመቅን። ቁልፉን እሱ ይጫናል፣ እኔ አሸታለሁ። ውሃውን፣ ብቅሉን፣ ጄሪካኑን እንደ አዳኝ ውሻ እየዞርኩ አሸተትኩ። መጥፎው ሽታ የተገኘው ከማብላያው በርሜል ቧንቧ ነው። ከውጭ ሲያዩት ያበራል። ጠምዝዤ ነቅዬ በኃይል ስስበው ለሁለት ተከፈለና ከሆዱ ጥቁር፣ የሚያሟልጭ አተላ ወጣ። የሰው መነጽር ሲረጭ የከረመው ሊቅ ቧንቧውን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠው።

"ለሁለት እንደሚከፈል አላውቅም ነበር" አለ።

ስንት ዘመን የጠበቅኳት ቃል ነበረች። ስሰማት ምንም ደስ አላለኝም።

ኬሪን ለፋሲካ መጣች። በረንዳው ላይ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ፣ አዲሱ ቢራ ተቀዳ። የፈጣሪ ያለህ፣ ቢራ ሆኗል። ሜርቭ እንዳስጠናሁት ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ በአፍንጫው ሳበ፣ "የብርቱካን ልጣጭ። ከኋላው የዳቦ ቅርፊት" አለ። ኬሪን ቀመሰችና "እውነትህን ነው፣ አባዬ" አለች። ትከሻው ከጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁት።

ከዚያ "ቁጭ በሉ፣ እኔ እቀዳለሁ" ብላ ብርጭቆዎቹን ይዛ ወደ ጋራዡ ገባች። የጋራዡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት በርሜሎች ነበሩ፤ አዲሱና አሮጌው። አሮጌውን እንድፋው ብዬ ለምኜው ነበር፤ በጎተራ ያደገ ሰው ግን ከገብስ የወጣ ነገር አይደፋም። ብርጭቆዎቹ ገና ጠረጴዛው ሳይደርሱ ኮምጣጤው አፍንጫዬን ወጋኝ። ኬሪንም ሸቷት እጇ አየር ላይ ቀረ። ሜርቭ ግን የሱን ተቀብሎ አሽከረከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"የብርቱካን ልጣጭ" አለ። "ከኋላው የዳቦ ቅርፊት።"

 ዓይኑን ሲከፍት የኬሪንን ፊት አየ፤ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። ብርጭቆውን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

"መቼ ነው የምንሄደው?" አላት፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው።

ልጅቱ እንባዋን በመሐረብ ያዘች። እኔ ያን ጊዜ ልል የሚገባኝ ነገር አልነበረም። ይህን ሰው ስሸሽ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ አውቃለሁ፤ ቢሄድ ቅዳሜዬ ይመለስልኛል። ግን አፌ ቀደመኝ።

"የእኔ ይሠራል" አልኩ።

"ምኑ?" አለች ኬሪን።

"አፍንጫዬ። በየጠዋቱ መጥቼ አሸትለታለሁ። ወተቱን፣ ሥጋውን፣ ቤቱን።"

"በየጠዋቱ? እስከ መቼ?"

"እስከሠራ ድረስ።"

አባትየው ዞሮ "በዕድሜ እኮ ከእኔ ትበልጣለህ" አለኝ።

"ታዲያ ብበልጥስ፣ ማን ጠየቀህ?"

ኬሪን ብዙ አሰበች። በመጨረሻ ምድጃውን በኤሌክትሪክ አስቀየረች፣ ጣሪያው ላይ ጭስ ሲያይ የሚጮህ ነገር አስተከለች። ለወተትና ለሥጋ የሚጮህ ግን አልተሠራምና እኔን ተቀበለች። አንድ ቀን ቢቀሩ ግን እወስደዋለሁ አለችኝ።

እንግዲህ ሥራ አለኝ። በየማለዳው ገብቼ ምንም አለማሽተት ነው ሥራዬ። የፍልስፍና ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ዕረፍት የለውም፤ ምንም ካልሸተተኝ የሚሸት ነገር ስለሌለ ነው ወይስ አፍንጫዬ ስለሄደ? ስለዚህ ወጥ ቤቱ ከመግባቴ በፊት በጋራዡ በኩል አልፋለሁ፤ የብቅሉን ከረጢት ፈትቼ ፊቴን እነክርበታለሁ። እዚያ ውስጥ የተቆላ ገብስ፣ ፀሐይና አቧራ አለ። ሲሸተኝ ወደ ሰውየው እገባለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሽታው ቶሎ አልመጣልኝም። እስኪመጣ ድረስ ፊቴን አላወጣሁም። ከኋላዬ የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

"ብቅሌ ውስጥ ምን ትሠራለህ?" አለ ሜርቭ።

"ቆይ" አልኩት ከከረጢቱ ውስጥ። "መሣሪያ እየፈተሽኩ ነው።"