ሳይገባው «ገባኝ» የሚል ሰውና አጫጭር ተክሎቹ

ይህ ወግ መነገር ይገባው እንደሆነ እንጃ። ሳይገባው «ገባኝ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ተማሪ ሆኜ በምሠራበት ግሪንሃውስ (የመስታወት የተክል ቤት) አንዱን አገኘሁ፤ ራሴን።

አለቃዬ ዶክተር ሰናይት፣ ግንድ የሚያሳድግ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልግ ጂን፣ ማለትም የዘር መመሪያ፣ ስለተበላሸ ለሙከራ የምናሳድጋቸው ተክሎች ግንድ አጭር እንደሚሆን አስረዱኝ።

«ገባህ?»

«በደንብ!»

ታላቅን ማስደገም ነውር አይደል?

አጫጭሮቹ ግን አሳዘኑኝ። ተርበው ይሆናል ብዬ ማዳበሪያ ደራርቤ ሰጠኋቸው። ግንዳቸው ንቅንቅ አላለም፤ ቅጠላቸው ብቻ ተቃጠለ።

ዶክተር ሰናይት አይተው ደነገጡ። «ምን አበላሃቸው? ምግቡማ ሞልቷል፤ የጎደላቸው አብሳዩ፣ ፕሮቲኑ ነው! የስድስት ሳምንት ሙከራ ገደልክብኝ። አሁንስ ገባህ?»

ሥራዬ አለቀለት ብዬ አሰብኩ።

«አልገባኝም» አልኩ።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ሳይገባኝ «ገባኝ» ማለቴ ያበቃው ያን ዕለት፣ ማርች 9 ቀን 2018 ነው።