የአሮጌው ዲስክ ሽረት

ንዌጥን ጽሒፈ ዜናሁ ለመስመር ጌታ፥ ማለት የመስመርን ጌታ ታሪክ መጻፍ እንጀምራለን። በዘመነ ዝግታ፥ ትንሿ ታጣፊ ኮምፒውተር ማቃሰት በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፥ ኃያሉ የቤት ፕላን ነዳፊ፥ ማስመሪያቸው የማይዛነፍ፥ ሳሎንን ከጓዳ የሚያስታርቁ፥ ወንበራቸው ሲጢጥ ቢልም ወገባቸው የማይፈታ፥ በማእድ ቤቱ ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነግሠው ሳለ፥ ታላቅ ጥያቄ ወደቀባቸው፤ እርሱም አሮጌው ሃርድ ዲስክ ይሻር ወይስ በሹመቱ ይቆይ የሚል ነበር።

የዲስኩም ነገር እንዲህ ነው። ጧት ቁልፉ ሲጫን ያጉረመርማል፥ ቋ ቋ ይላል፥ ጥቂት ያርፋል፥ ደግሞ ከመጀመሪያው ያጉረመርማል፤ ስክሪኑ እስኪበራም ሻይ ይፈላል፥ ይቀዳል፥ ይጠጣል፥ ይደገማል። በዚያችው ሰዓት ንግሥቲቱ፥ ማለት ባለቤታቸው ነርሷ፥ መርፌያቸው የማያም፥ ከአዳር ተረኝነት ይመለሳሉ። ሁለቱም አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፥ ንግሥቲቱ የሕሙማኑን ወሬ ሲያወሩ ኃያሉ ያበጠ እግራቸውን ያሹላቸው ነበር። ስክሪኑ ሲበራ አንዱ ወደ ሥራ፥ አንዷ ወደ መኝታ፤ ማታም ኃያሉ ከግንባታ ቦታ ሲገቡ፥ ንግሥቲቱ ለአዳር ሲወጡ፥ በር ላይ ሳይጠጋገቡ ይተላለፋሉ።

ስለዚህ ኃያሉ ፈሩ። ዲስኩ ከፈጠነ ያቺ ሰዓት ትቀራለች ብለው ፈሩ፥ ይህንንም ለሰው መናገር አሳፈራቸው።

ከዕለታት ባንዱ ግን ዲስኩ ሸፈተ፤ ከአንድ ባለጉዳይ ፕላን ላይ መታጠቢያ ቤቱን ዋጠ። ወዲያው ጉባኤ ተጠራ፤ በቀኝ የኮምፒውተር ጠጋኙ፥ ኪሳቸው በብሎን የሚንሿሿ፤ በግራ ግንበኛው፥ ከነሲሚንቷቸው የገቡ፤ በመካከልም እመ ንግሥት፥ ማለት አማታቸው፥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን የሚፈልጉ።

ጠጋኙ አዋጅ አስነገሩ፦ «ይሄ ዲስክ አልቆለታል! ኋላ አልነገረንም እንዳትሉ!»

ግንበኛውም፦ «መሠረት ቆፍሬ ቆሜያለሁ! መታጠቢያ ቤቱ የት ገባ ሲሉኝ ምን ልበል?»

እመ ንግሥትም ከሁሉ አስበልጠው፦ «እኔ ልጄን የዳርኩት ለሰው ነው፥ ለሚያቃስት ሣጥን አይደለም! ዛሬውኑ ይቀየር!»

ኃያሉ ግን አመነቱ። ብሎን መፍቻው ጠፍቷል አሉ፤ ተገኘ። ፋይሉ ይጠፋል አሉ፤ ጠጋኙ የተረፈውን ሁሉ ገልብጠው አሳዩ። ሰማዩ ደምኗል አሉ፤ ይህ ከኮምፒውተር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጸሐፊው እስከ ዛሬ አልገባውም። በመጨረሻ የግንበኛው ፊት አንጀታቸውን በላውና እሺ አሉ።

ያን ጊዜ ጠጋኙ የኮምፒውተሯን የጀርባ ክዳን ፈቱ፥ አቧራው ተነሣ፥ ኃያሉ አስነጠሱ፥ እመ ንግሥት ባትሪ አበሩ፥ ያውም ሰዉ ዓይን ላይ፤ አንዲት ብሎንም ከጠረጴዛው ሥር ኮብልላ እስካሁን አልተያዘችም። አሮጌው ዲስክ ከዙፋኑ ወርዶ፥ በአንድ እግር ካልሲ ተጠቅልሎ ወደ መሳቢያ ተጋዘ፤ አዲሱም ድምፅ ሳያሰማ ነገሠ።

በማግስቱ ኃያሉ እንደ ልማዳቸው ቁልፉን ተጭነው፥ ማንቆርቆሪያውን ሊጥዱ ዞር ሲሉ ስክሪኑ በራ። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነበር። ንግሥቲቱም ገቡ፥ ብርሃኑን አዩ፥ የባላቸውን ፊት አዩ። በዚያ ቤት ሥርዓት ስክሪን ከበራ በኋላ መቀመጥ የለምና፥ ሁለቱም ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቆመው ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ንግሥቲቱ ነገሩ ገባቸው። እጃቸውን ዘርግተው ኮምፒውተሯን ጥርቅም አድርገው ዘጉና ይህን አዋጅ አወጁ፦ «ያልሰማህ ስማ! ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ቁልፍ የምትነካው ሻይ ከተጠጣ፥ እግሬም ከታሸ በኋላ ነው! ለዚህ ብለህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ጊዜ ከዚያ ጉድ ጋር የተሠቃየኸው? ሞኝዬ፥ በል ና ተቀመጥ!»

ኃያሉም ተቀመጡ፥ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። በዚያን ሁሉ ዓመት ቁልፍ ሳይጫኑ ሻይ መጠጣት እንደሚቻል ከሁለቱ ያሰበ አልነበረም፤ ከጉባኤውም ያሰበ አልነበረም።

እንግዲህ ክብር ለመስመር ጌታ፥ አሮጌውን ሽረው አዲሱን ለሾሙ፥ የጠፋውን መታጠቢያ ቤት ዳግመኛ ላነጹ፤ ክብር ለንግሥቲቱም፥ ጧትን በአዋጅ ላስከበሩ። ዛሬ ኮምፒውተሯ በቅጽበት ትነሣለች፤ እነሱ ግን ሻያቸውን ሳይደግሙ አይነሡም።