ለሰርግ የታሰረች ቱርቦ

ካምፓላ ውስጥ መኪና ያለው ሐበሻ፣ ሰርግ ሲደርስ መኪና የለውም። ይህን ያዙልኝ። እዚህ ከመካከላችን አንዱ ሊያገባ ሲነሳ ከቀለበቱም ከአዳራሹም በፊት የማን መኪና ነጭ እንደሆነች ይታሰባል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። "ጋሼ፣ ያቺን መኪናዎን ለአጀቡ..." ይላል አንዱ ሚዜ፤ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አይጨርሰውም። ምን ያስጨርሰዋል? እምቢ የሚል የለም። በሰው አገር የወገኑን ሰርግ እምቢ ያለ ሰው ሲሞት ማን ሊቀብረው ነው?

የኔዋ ነጭ ናት። ያውም ቱርቦ ያላት። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ቱርቦ ማለት ለሞተሩ ተጨማሪ አየር እየነፋ ጉልበት የሚሰጥ ነገር ነው፤ የአንጥረኛ ወናፍ በሉት። ነዳጅ ስትረግጡ ለአፍታ ዝም ትላለች። ከዚያ ወንበሩ ጀርባችሁን ይገፋችኋል። ባለቤቴ አልማዝ እኔ ስነዳ ዓይኗን ትጨፍናለች። እንቅልፍ የሚወስዳት ይመስለኝ ነበር።

የዚህኛው ሰርግ ደዋይ ሳሙኤል ነው። ሳሙኤል የሟቹ ጓደኛዬ ልጅ ነው። አባቱ ፍጥነት ይወድ ነበር፤ የሞተውም በመኪና አደጋ፣ ራሱ እየነዳ ነው። ልጁ ሥራ ፍለጋ ወደዚህ ሲመጣ እናቱ ደውላ "አደራህን፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው" አለችኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔም ልጁን እንደ ልጄ ይዤዋለሁ። እና አሁን የአባቱ ደም ያለበት ልጅ፣ ያቺን መኪና፣ በሰርግ ቀን ይስጡኝ አለኝ።

ሚዜ መሪ ሲይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ እጁ ጥሩምባው ላይ፣ ሌላው በመስኮት ወጥቶ ሲያጨበጭብ? ዘፈኑ በደመቀ ቁጥር እግሩ ነዳጁ ላይ ይከብዳል። ብከለክለው በጓደኞቹ ፊት ማፈሩ ነው። ብሰጠው እኔ እንቅልፍ ላላገኝ ነው። "ቀስ ብለህ ንዳ" ብዬ ልስጠው? እሺ ብሎ ያልወጣ ማን አለ? አባቱም እሺ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ካትዌ ወረድኩ። እዚያ ብረት ከሚቀጠቅጡት መሃል ካቶ የሚባል መካኒክ አለን። አለን ያልኩት የሐበሻ መኪና ሁሉ የሚታከመው እሱ ጋ ስለሆነ ነው። እስከ ሰኞ ጉልበቷን ቀንስልኝ አልኩት። "ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ሰው ሁሉ ጨምርልኝ እያለ ነው የሚመጣው" ብሎ ሳቀብኝ። ከቱርቦው ጋር የተያያዘች አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ነቅሎ ሌላ ቦታ ሰካት። በቃ። ቱርቦዋ ታሰረች።

እስከ ሰርጉ ድረስ እኔው ነዳኋት። ከግቢዬ ለመውጣት እንኳ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መጫን ነበረብኝ፤ እግሬም ያንን ለመደ። ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል የሚበላ የቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂ በአንድ እጁ እየነዳ ቀደመኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ቁልፉን ለሳሙኤል ሰጠሁት። ስለ ቱቦዋ አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? ጉልበቷን ቀንሼብሃለሁ ማለት አላምንህም ማለት አይደለም?

ቅዳሜ አጀቡ አዳራሹ ደጃፍ ሲደርስ የኔዋ መጨረሻ ላይ እያዘገመች መጣች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩ በሆዴ። እሑድ መልሱ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ነበር፤ እኔ የሥራ ተራዬ ስለሆነ ቀረሁ። ሰኞ ጠዋት ሳሙኤል መኪናዋን አጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ ኪዋቱሌ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝና "ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይንዱ" አለኝ።

ሳቄ መጣ። ማን ማንን ነው የሚመክረው?

እሱን ሸኝቼ፣ የግቢውን በር ከፍቼ፣ ካቶ ጋ ሄጄ ላስፈታት መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ከግቢዬ ፊት ለፊት፣ ከኮረኮንቹ መንገድ ማዶ፣ የጎረቤታችን የጃጃ፣ ማቶኬ የሚባለው ተቀቅሎ የሚበላ ሙዝ ተክል አለ። ጃጃ ማለት በአገሬው ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። እንደለመድኩት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ተጫንኩት። ለአፍታ ዝም አለች።

ፍሬን የያዝኩት ሙዙ መሃል ነው። ዛፎቹ ተጋድመዋል፣ አንድ ሙሉ ዘለላ ማቶኬ ኮፈኑ ላይ ተቀምጧል። ጃጃ ጠዋት ጠዋት እዚያው ሙዝ ስር ቁጭ ብላ ትኮተኩታለች። የዚያን ቀን ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር።

ሳሙኤል ብዙም አልራቀም ኖሮ ሮጦ መጣ። መኪናዋን አላያትም፣ እኔን ነው የዳበሰኝ። ደህና መሆኔን ሲያውቅ ነገረኝ። ለካ እሑድ የሙሽራዋን እናትና አክስቶች ጭኖ ሙቱንጎ ዳገት ላይ መኪናዋ እምቢ ብላዋለች። ያበላሻት መስሎት በድንጋጤ ለካቶ ደወለ። ካቶም እየሳቀ ሁሉን ነገረው፤ ቱቦዋን የት እንደሚመልሳት ጭምር። መለሳት። ከዚያ ባለሙሉ ጉልበቷን መኪና ይዞ እናቶችን ሲያመላልስ ዋለ።

"አንዷ እናት እንቅልፍ ወስዷት ነበር" አለኝ። የሷ እንኳ እውነተኛ እንቅልፍ ነው።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

"እንዳያፍሩ ብዬ ነው። ቀስ ብለው ይንዱ ያልኩዎት ለዚያ ነበር።" ቀጠለና፣ "ጋሼ፣ አባቴ እንዴት እንደሞተ የረሳሁ መስሎዎት ነው?" አለኝ።

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የአባቱን እግር ስፈራበት፣ ልጁ የአባቱን መቃብር ይዞ እንደሚነዳ አልታየኝም። ደግሞስ ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የተባለው ለማን ሆነና? እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ፣ እሱ ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ፤ በሁለታችን ዝምታ መሃል ጃጃ ልትሞት ነበር።

እኔ ዘለላውን ከኮፈኑ ላይ ሳወርድ ሳሙኤል መሪውን ይዞ መኪናዋን በቀስታ ወደ ኋላ ያወጣት ጀመር። ልክ ያኔ ጃጃ ከነጀሪካኗ ደረሰች። ሙዟን አየች፣ መሪ የያዘውን ወጣት አየች፣ ጀሪካኑን አስቀምጣ ወረደችበት። የዛሬ ልጆች እኮ መጨረሻችሁ ይኸው ነው አለችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጃጃ፣ ይቅርታ ይላል።

ይህንንስ ዝም አልልም አልኩ። "ጃጃ፣ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ሙዙንም እኔ እተክልልሻለሁ" አልኳት።

ሽበቴን አየችና አዘነችልኝ። "ጥሩ አባት ነህ" አለች፣ "ግን አትሸፋፍንለት። ቁልፉን ንጠቀው።"

ሳሙኤል ቁልፉን ነቅሎ ሰጠኝና ጩኸቱን ሰምታ የወጣችውን አልማዝን አየ። አልማዝ ከበሩ ላይ ሆና እኔን አየች። ከዚያ መጥታ ለቁልፉ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

ጃጃ እስካሁን፣ የተከልኩላትን ሙዝ ስትኮተኩት በእግሬ ሳልፍ ካየችኝ፣ ቁልፉን ነጠቅከው ወይ ትለኛለች።

ተነጥቋል እላታለሁ።