የጋሽ ታዴዎስ «ቪየላ»

ከየቋንቋው አንዳንድ ቃል ለቅሞ ራሱን አስተርጓሚ አድርጎ የሾመ ሰው ያላጋጠመው አበሻ ቶሮንቶ ውስጥ ካለ፣ ትናንት የገባ መሆን አለበት። በየሰርጉ አለ፣ በየለቅሶው አለ፣ ልብስ ልታጥብ ላውንድሪ ብትወርድም አለ። የፀዲ መከራ ግን ይህ ሰው አባቷ መሆኑ ነው።

ክቡር ጋሽ ታዴዎስ፣ የቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈሩ ሊቀ ልሳናት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ባስ ነድተዋል። የተሳፋሪውን ፊት አይተው ቋንቋውን ይገምታሉ፤ ገምተውም ይተኩሳሉ። ፊሊፒኗን በግሪክኛ፣ ግሪኩን በኡርዱ ሰላም ብለው ያውቃሉ። ጥርስ ሐኪማቸውን እጁ አፋቸው ውስጥ እያለ በፖርቱጋልኛ አመስግነውታል፤ ሰውየው ኮሪያዊ ነው። «ቋንቋ ማለት ቁልፍ ነው፤ ጫፉ ከገባ በሩ ይከፈታል!» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እንግዲህ ፀዲ አድጋ፣ ነርስ ሆና፣ ኤሮ የሚባል ፊንላንዳዊ ይዛ መጣች። ጋሽ ታዴዎስ ሥራውን አልጠየቁ፣ ሃይማኖቱን አልጠየቁ። «ፊንላንድኛ!» አሉና ዓይናቸው በራ። «እስቲ አንድ ጥሩ ቃል ስጠኝ!»

ኤሮ ጨዋ ልጅ ነው፤ «ቪየላ» የምትለዋን ሰጣቸው። እንደ እኛ «ገና» ናት፤ «አሁንም» ለማለትም፣ «ተጨማሪ» ለማለትም ታገለግላለች። ወይ ጉድ! ቤቱ አንድ ወር ሙሉ በቪየላ ተጥለቀለቀ። በሚያዝያ መስኮቱን ከፍተው «ሳታ ቪየላ ሉንታ!» ይላሉ፤ በረዶው አሁንም እየጣለ ነው ማለት ነው፣ እውነትም እየጣለ ነበር። የኤሮ ሳህን ላይ ወጥ እየጨለፉ «ኦታ ቪየላ!» ይሉታል፤ ጨምር ማለት ነው፣ ልጁም ቀበቶውን እያላላ ይበላል። ባለቤታቸው እትዬ የኔነሽ «ጋርቤጁን አወጣኸው?» ሲሏቸው፣ ከሶፋው ሳይነሱ «ኤይ ቪየላ» ይላሉ። ገና ነው።

«ትክክል ነው?» ብለው ኤሮ ላይ ያፈጣሉ።

«ፐርፌክት» ይላል ምስኪን፣ የሚመጣበትን ሳያውቅ።

የኤሮ እናት ወይዘሮ ማርያታ ለአራት ቀን ብቻ ከፊንላንድ መጡ። ሽምግልናው የዋለው በሦስተኛው ቀን ነው። ወግ እንዳይቀር የተለመኑት ጋሽ ተክለ ማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ከእናትና ልጅ ጋር ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ወይዘሮ ማርያታ ግን በሰው አፍ መናገር አልወደዱም። «ልጃችሁን ለልጄ ትሰጡናላችሁ?» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ራሳቸው።

ጋሽ ታዴዎስ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። «ኤይ ቪየላ» አሉ፣ አንዲት ድምፅ ሳይስቱ።

ጋሽ ተክለ ማርያም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል አባት ሸክም ያራገፈ ይመስላል፤ ሽማግሌ «እንመካከርበት» ተብሎ ይሸኛል፣ በሌላ ቀን ይመለሳል። ይህን ለፊንላንዶቹ የነገራቸው ግን አልነበረም።

ወይዘሮ ማርያታ «ሴልቫ» አሉ፤ ገባኝ ማለታቸው ነው። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ቡት ጫማቸውን አስረው ወጡ። ኤሮም አመድ መስሎ ተከተላቸው።

«አባዬ! ምን አደረግክ? ነገ ፍላይታቸው ነው እኮ!»

«ሽማግሌ ይመለሳል፣ ልጄ።»

«እነሱ አይመለሱም! ኖ ከተባሉ በቃ ኖ ነው!» ፀዲ ፊቷን ይዛ አለቀሰች።

ጋሽ ታዴዎስ ላብ አጠመቃቸው። «እኔ እኮ እንዳላራክስሽ ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ብርቅዬ ልጅ እንዳለችኝ ይወቁልኝ ብዬ። ወር ሙሉ ያጠናሁት ለዚህ ነበር።» ፀዲ ንዴቷ ባይበርድም፣ አባቷን እንደዚያች ደቂቃ ወድዳቸው አታውቅም።

ሰውየው በካልሲ ወደ በሩ ሮጡና በረገዱት።

ወይዘሮ ማርያታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሰዓታቸውን ያያሉ። ቀና ብለው «ዮኮ?» አሉ።

«'አሁንስ ደረሰ?' ነው የምትለው» አለ ኤሮ፣ እሱም ገና አሁን ስለገባው እየተንተባተበ። «'ገና' ካሉ ሊመካከሩ ነው፣ ሰው ሲመካከር መሃሉ መገተር ነውር ነው ብላ ነው የወጣችው።»

ጋሽ ታዴዎስ አፋቸውን ከፈቱ፤ የዓለም ቋንቋ ሁሉ ከዳቸው። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አሉ በአማርኛ። «አደራ!»

ፀዲ ልትተረጉም ከኋላቸው ደረሰች። ወይዘሮ ማርያታ ግን ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እየፈቱ ነበር።