ኦክቶፐስና ሰጎን በአንድ መሪ ላይ

የመኪና መንዳት አስተማሪ ሁሉ ፈላስፋ ነው። ከተማሪ ጎን ተቀምጦ በቀን ስድስት ጊዜ ሞትን የሚያይ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የእኔው ክቡር መምህር ታዲያ የእንስሳት ፈላስፋ ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ የእንስሳት ፊልም ሲያዩ ይከርሙና እኛን ተማሪዎቻቸውን ይመድቡናል። በእሳቸው ሚዛን ሰው ሁለት ዓይነት ነው።

«ኦክቶፐስ አጥንት የለው፣ ምን የለው! ስምንት እጅ ብቻ። እያንዳንዱ እጅ ደግሞ የየራሱን ያስባል» ይላሉ። «ሰጎን ግን ዓይኗ ከአንጎሏ ይበልጣል። ግንብ ቢመጣም ወደ ፊት ነው!»

«እኔስ የትኛዋ ነኝ፣ ጋሼ?»

«አንቺማ እሜቴ፣ እንደ ቀኑ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሰኞ ኦክቶፐስ ነበርኩ፤ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ቀኝ እግሬ አኮረፈው፣ እጄ ማርሽ ፍለጋ ሄዶ የዝናብ መጥረጊያውን ቀሰቀሰ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኛ መስታወት እንጠርጋለን። ረቡዕ ሰጎን ሆኜ መታጠፊያውን አለፍኩና አንድ አናጺ ግቢ ሰተት ብለን ገባን። አናጺው መጋዙን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጋሼ አንገታቸውን በመስኮት አወጡና፦

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰጎን ናት!»

ይህ ሁሉ የሆነው ሁለት ጊዜ ፈተና ከወደቅኩ በኋላ ነው። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በየሰፈሩ እየዞረች መጽሐፍ የምታውስ መኪና ገዝቷል፤ እሷን ለመንዳት ነፍሴ ልትወጣ ነው። ሦስተኛውን ከወደቅኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የፈተናው ቀን መኪናው ውስጥ ከመግባቴ በፊት ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ልሁን?»

«እጅሽን ከኦክቶፐስ፣ ዓይንሽን ከሰጎን ተበደሪ። አንጎሉን ግን የራስሽን አምጪ፣ አደራ!»

በፈተናው ሜዳ ላይ በተደረደሩት ኮኖች መካከል ወደ ኋላ ገብቼ ስቆም በስፖኪዮ መስታወት አየኋቸው። ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የበሩን ጥበቃ ክንድ ጨምድደው ይዘዋል።

«ኮን ወደቀ? ንገረኝ እንጂ! ወደቀ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አለፈች! ክንዴን!»

ሮጬ ስደርስ «እኔ ድሮም አልተጠራጠርኩም» አሉኝ፤ ክንዱን ግን አልለቀቁም።

የመጻሕፍቷን መኪና መንዳት ከጀመርኩ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ቢሆንም ሐሙስ ሐሙስ ከጋሼ ጋር ልምምድ አለኝ። ወደ ኋላ መንዳት ገና አልጠራልኝም ብያቸዋለሁ፤ ውሸቴን ነው።

«እሱማ» አሉ ጋሼ፣ ቀበቷቸውን እያሰሩ፣ «ዓመትም አይበቃው።»