የጋሼ መቶ ፐርሰንት ጥናት

ሦስት ሰው ጠይቆ ስለ ሕዝብ ሁሉ የሚናገር ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እገባበታለሁ። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ ላይ ከጎናችሁ ተቀምጦ «ሰው ሁሉ እኮ ዘንድሮ እንቅልፍ አጥቷል» ይላችኋል። ሰው ሁሉ ማለት እሱ፣ ባለቤቱና ጎረቤቱ ናቸው። ጎረቤቱም ቢሆን ሲያዛጋ ታይቶ ነው እንጂ ተጠይቆ አይደለም። ተከራክሮ የረታው ግን የለም። «ጠይቄ ነው የምናገረው!» ይላል፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

እኔ የዚህ ወገን አለቃ የእህት ልጅ ነኝ።

ክቡር አጎቴ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ መቶ ፐርሰንት» ነው የሚላቸው፤ የሚጠሩት ቁጥር ከዚያ የሚወርደው ከስንት አንዴ ስለሆነ። ጠዋት ጠዋት ባንኮኒያቸው ላይ ዳቦ እሸጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንግድ እማራለሁ። ለሻጭነት የበቃሁት በዘመድ እንጂ በችሎታ አይደለም። ሰው ማነጋገር ያስጨንቀኛል፤ ድምፄ ከባንኮኒው አያልፍም፤ ፊቴ ደግሞ ምስጢር መያዝ አልተማረም። ደስ ሲለኝም ሲከፋኝም ቀድሞ የሚያወራው እሱ ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ያለው ፊትሽ ላይ ነው» ትለኛለች።

የመከራችን መጀመሪያ የእኔ መጽሐፍ ነበር። «የንግድ ስታቲስቲክስ መግቢያ» የሚለውን የትምህርት መጽሐፌን ዱቄት ጆንያ ላይ ረስቼው ሄድኩ። አጎቴ ያን ሰሞን አልጋ ላይ ከጣላቸው ኃይለኛ ጉንፋን ገና ማገገማቸው ነበር። ምዕራፍ አንድን ዘለሉት። «የመረጃ አሰባሰብ ዘዴዎች» የሚለውን ምዕራፍ ሁለትን ግን ፍቅር እንደያዘው ሰው ደጋግመው አነበቡት። ምዕራፍ ሦስት መረጃ ሲሰበሰብ ስለሚሠሩ ስህተቶች ነበር። እሱ ጋ አልደረሱም፤ ሥራ በዛባቸው።

በማግስቱ ስመጣ ዱቄት የነካው ጣታቸውን ገጹ ላይ ተክለው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በጭፍን ነው ለካ ስጋግር የኖርኩት!»

«ዳቦው እኮ ጥሩ ነው ጋሼ።»

«ማን አለ?»

«ሰው... ሁሉም።»

«ጠይቀሻል?»

አልጠየቅኩም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ዳቦ ገዝቶ ዝም ብሎ መሄድ ቀረ።

መጀመሪያ የመጣው መጠይቁ ነው። በእጃቸው ጽፈው፣ ፎቶ ኮፒ አስደርገው፣ ባንኮኒው ላይ ከመሩት። «ዳቦአችን እንዴት ነው? ሀ. ጥሩ። ለ. በጣም ጥሩ። ሐ. እጅግ በጣም ጥሩ።» አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ ካየ በኋላ፣

«አባባ፣ ‹ደህና ነው› የሚል ምርጫ የለም እንዴ?» አላቸው።

«ደህና ነው ማለት በጣም ጥሩ ማለት ነው። ለ ላይ አክብብ።»

«መኪናዬን መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት...»

«እሱ ቁጥር አራት ላይ ይመጣል፤ ‹ወደ ዳቦ ቤታችን በምን ይመጣሉ› ይላል። መጀመሪያ ግን ቁራሽ ቅመስ። ሳይቀመስ መልስ የለም!»

ይህ የመቅመስ ሕግ ጥብቅ ነበር። ደንበኛው ቆርሶ አፉ ውስጥ ሲከት አጎቴ በባንኮኒው ላይ ተንጠራርተው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲያኝክ ያዩታል። እንዲህ እየታዩ መዋጥ ቀላል አይደለም። አንዷ ሴትዮ ትን ብሏት ውኃ እስኪመጣ ድረስ ጀርባዋን መታሁላት። አጎቴ በዚህ መሀል «እና... ከሦስቱ የቱ ነው?» አሉ።

ቀጥሎ ምልከታ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አንድ ጠዋት ሱቋ ውስጥ ሻይና ዳቦዋን ይዛ ቁጭ ብላ ቀና ስትል፣ ክቡርነታቸው መስኮቷ ላይ እርሳስ ይዘው ቆመዋል።

«ምነው ጋሼ፣ በሰላም ነው?»

«ቀጥዪ፣ ቀጥዪ። እኔ የለሁም በዪ። ተመልካች ጣልቃ አይገባም።»

«እንዴ! እያዩኝ እንዴት ልብላ?»

«ሻይ ውስጥ እየነከርሽ ነው ወይስ ሳትነክሪ?»

መጋረጃዋን ዘጋችባቸው። እሳቸውም «መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነች፣ አንድ» ብለው ጽፈው ተመለሱ።

ሦስተኛውን ዘዴ፣ ሙከራን፣ እኔ ራሴ ነኝ ያየሁት። አንድ ቀን የወጣው ዳቦ ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ደንበኛው እየቀመሰ ፊቱን ሲያጨማድድ አጎቴ ለአፍታ ክው አሉ። ከዚያ ግን ደረታቸውን ነፍተው «ሙከራ ነው! ምዕራፍ ሁለት! ልዩነቱን ታውቁት እንደሆነ ልፈትናችሁ ብዬ ነው!» አሉ። ሰዉ እየሳቀ ሄደ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከጓዳ የሚወጣው ያረረ ዳቦ ሽታ ውጭ ድረስ ተሰምቶኝ ሮጬ ብገባ፣ ከምድጃው አንድ እርምጃ ርቀው ቁጭ ብለው የደንበኞችን አማካይ እርካታ ያሰላሉ።

«ጋሼ! ዳቦው እያረረ ነው እኮ!»

«አማካዩ ወደ ላይ ወጥቷል» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። ስታቲስቲክስ ሰውን ይህን ያህል ያፈዛል ወይ ብዬ ትምህርቴን ፈራሁት።

በዚህ መሀል ከመንገዱ ማዶ ሌላ ዳቦ ቤት ተከፈተ። የእነሱ ሻጭ ደህና አደርሽ ሲሏት እንኳ በአገጯ ነው የምትመልሰው። ዳቦ በወረቀት፣ ወረቀቱ በእጅ፣ በቃ። የእኛ ደንበኛ አንድ በአንድ መንገድ መሻገር ጀመረ። በቀን ሁለቴ የሚለኮሰው ምድጃችን አንዴ ብቻ መለኮስ ያዘ፤ ቆይቶም ግማሹ ባዶውን ይግል ጀመር።

አጎቴ ግን ውጤት ላይ ነበሩ።

«ልጄ፣ ነዪ እስቲ ይህን እዪ። መጀመሪያ ‹እጅግ በጣም ጥሩ› ያለው ግማሽ ያህሉ ነበር። ባለፈው ወር ከአራቱ ሦስቱ። ዘንድሮ ታይቶ የማይታወቅ ነው!»

«በዚህ ሳምንትስ?»

«መቶ ፐርሰንት!»

መቶ ፐርሰንቱ አንድ ሰው ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በየጠዋቱ የራሳቸውን እስክሪብቶ ይዘው ይመጣሉ። መጠይቁን ሞልተው ሲጨርሱ «ተጨማሪ አስተያየት» በሚለው ሥር እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይጽፋሉ፤ ቦታ ሲያልቅባቸው ሌላ ይጠይቃሉ። ቤታቸው ውስጥ «ምን ይመስልዎታል?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «የሚጠይቁት እኮ የመጡትን ነው። የሄዱትስ?»

«የሄዱትማ የሉም! የሌለ ሰው እንዴት ይጠየቃል?»

ከዚያ ባዶውን መደርደሪያ አዩት፤ ፎርሙን አዩት። «እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲህ ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምድጃውን መሸጤ ነው። ሰው ይህን ያህል እየወደደን ለምን እንደምንዘጋ ግን ሊገባኝ አልቻለም።»

ያ ነገር አንጀቴን በላው። ክፍል ውስጥ ምዕራፍ ሦስት ላይ የደረስነው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ጥናቱ ያልደረሰባቸው ሰዎች ዋናውን መልስ ይዘው ሊሆን ይችላል ይላል። መጽሐፉ ይህን ሲል አያፍርም፤ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ግን ያፍራል። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ስደርስ ሁለቴ አልፌያት ተመልሻለሁ።

መርፌ በከንፈሯ ይዛ ቀሚስ ትለካለች። የምለውን በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ጠፋብኝ።

«ዳቦው... ማለቴ... ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«የትኛው ዳቦ?»

«የእኛ።»

መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። «የእናንተ ዳቦማ ምን ይወጣለታል! ያ የማዶው እኮ ጥጥ ነው፤ ማታ ይደርቅብኛል።»

«ታዲያ...»

«እንዳትቀየሚኝ የኔ እህት። እኔ ጠዋት ዳቦ ፈልጌ እንጂ ፈተና ልቀመጥ አልወጣሁም። ያቺ ልጅ ምንም አትጠይቀኝም። ስንት ልጅ አለሽ፣ በቀን ስንት ትቆርሻለሽ፣ ስትቆርሺ ምን ይሰማሻል... ምን ሊሰማኝ ነው? ይርበኛል!»

ከእሷ በኋላ ሹፌሩን ጠየቅኩ፤ ከዚያ ጫማ ጠጋኙን፤ ከዚያ ትን ያላትን ሴትዮ። ከማዶው ዳቦ ቤት ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ ላይ ጆሮዬ እስኪግል እያፈርኩ ቆምኩ። ዳቦውን የጠላ አንድም አላገኘሁም። የሸሹት ጥናቱን ነው። አጎቴ ደንበኛ ለምን እንደቀነሰ ለማወቅ በጠየቁ ቁጥር ደንበኛ ይቀንስ ነበር፤ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ጥያቄ ይጨምሩ ነበር።

ይህን እንዴት ልንገራቸው? መንገር አላስፈለገኝም። ገና ከበሩ ስገባ ፊቴን አይተው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ዳቦው ተበላሽቷል፤ አይደል?» አሉኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ንገሪኝ። ጨው ነው? እርሾ ነው?»

«ኧረ ዳቦው ምንም አልሆነም ጋሼ! ሁሉም ይናፍቁታል። ጥያቄው ነው... ጥያቄው አሰልችቷቸው ነው የሄዱት።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደስታ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተኝ።

«ዳቦው ደህና ነው? እርግጠኛ ነሽ?»

«ቀምሰው አያውቁም እንዴ?»

ከጉልበታቸው ላይ ዱቄት አራገፉ። «ከዚያ ከጉንፋኑ ወዲህ ሽታም የለኝ፣ ጣዕምም የለኝ። ዳቦና ወረቀት አፌ ውስጥ አንድ ናቸው። ያን ቀን ጨው ስረሳ ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ ነው ያወቅኩት። ታዲያ ምን ላድርግ? በየቀኑ ፊታቸውን ማየት አለብኝ። ዝም ብዬ ባፈጥባቸው አበደ ይሉኛል። ወረቀት ስሰጣቸው ግን እያኘኩ ይቆሙልኛል።»

«ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቁኝም?»

«አንቺ ‹ለምን› ትይኛለሽ። ሌላው ሰው ጥናት ነው ስለው ያምናል። ደግሞስ የማይቀምስ ጋጋሪ መሆኔ ቢሰማ ማን ይገዛኛል?»

ያን ሁሉ ፎርም አሰብኩት። ለካ አንዱንም መልስ ፈልገውት አያውቁም። ከሦስቱ ምርጫ ውስጥ መጥፎ የሚል ያልነበረው ከኩራት አልነበረም፤ ክፉ መልስ የሚፈራ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠይቀው። አጠገባቸው ሆኖ ሽታው ሳይሰማቸው ያረረው ዳቦ ትዝ አለኝና ስታቲስቲክስን ያማሁትን ሁሉ በልቤ ይቅር በለኝ አልኩት።

በማግስቱ ፎርሙ ከባንኮኒው ተነሣ። ለጥቂት ቀን ማንም አልመጣም። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ብቻ በበሩ አስገባች።

«ፈተና የለም?»

«ተሰርዟል» አልኳት።

ገብታ ገዛች፤ ወሬው በእሷ አፍ ከመንገዱ ማዶ ደረሰ። ምድጃው ዛሬ እንደ ድሮው በቀን ሁለቴ ይለኮሳል፤ ስለ መሸጥ የሚያነሣ የለም። የተቀየሙት አስተማሪው ብቻ ናቸው። «ያስከፋሁት ነገር ካለ ይነገረኝ እንጂ እንዴት ዝም እባላለሁ?» ብለው አኮረፉ። ለእሳቸው ሲባል ከመስኮቱ ሥር አንድ ወንበርና የተረፈው ፎቶ ኮፒ ተቀምጧል።

ክቡርነታቸው ግን ጠባያቸውን ሙሉ በሙሉ ተዉ ብዬ አልዋሽም። ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ ከምድጃው የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ይቆርሱና ለእኔ ይሰጡኛል። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ፊቴን ያያሉ። እኔ የሰው ዓይን ሲያርፍብኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምወድ ሰው፣ ዓይኔን ሳልሰብር አኝክላቸዋለሁ። ጨው ያነሰ ቀን ምንም ሳልል ወደ ጨው ጣሳው ይሄዳሉ።

ባለፈው ሰሞን የስታቲስቲክስ ፈተና ነበረን። «አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም የቅርብ ዘመድ፣ አስተማማኝ ናሙና ሊሆን ይችላልን?» የሚል ጥያቄ መጣ። «በፍጹም» ብዬ ከነምክንያቱ ጻፍኩ። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቁራሹን አፌ ውስጥ ከተትኩት። ትኩስ ነው፤ ጨዉ ልክ ነው፤ ቅርፊቱ ከጥርሴ ሥር ሲሰበር ይሰማል። ገና አኝኬ አልጨረስኩትም፣ ፊቴም ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ አጎቴ ግን በሩን ሊከፍቱ ዞረው መሄድ ጀምረዋል።

«ጋሼ፣ ገና እኮ አልዋጥኩትም!»

«መቶ ፐርሰንት!» አሉ፣ ቁልፉን እያዞሩ። «ጠይቄ ነው የምናገረው።»